ከጥቅል አራት የቆረጥኩት

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። ማን ምን እንዳደረገ በኋላ እንዳይምታታ ስማችንን ከመጀመሪያው ልጥራ።

አንደኛው እኔ ነኝ፤ ዘነበ አያሌው። አዲስ አበባ ተወልጄ ዙሪክ ያረጀሁ፣ የሥራ ዘመኔን ፊልም በማሳየትና በመመርመር የጨረስኩ ሰው ነኝ። ሁለተኛዋ ሰው ልጄ ማርታ ናት፤ ጄኔቭ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት የሚታዩትን ፊልሞች ትመርጥ ነበር። ሦስተኛው ሙያውን ያስተማሩኝ የዙሪኩ ሄር ኤግሊ፣ በእኛ አቶ ኤግሊ፣ ናቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሆኖም ከማናችንም በላይ በነገሩ ውስጥ አሉበት። አራተኛዋ ጽጌ ናት፤ አበልጄ፣ የማርታ ክርስትና እናት፣ ዕድሜዋን በጄኔቭ ዲፕሎማቶች ቤት ስትሠራ የኖረች። አምስተኛዋ ሐሩኮ የሚባሉ ጃፓናዊት ናቸው፤ በወጣትነታቸው በሕዝብ ፊት ትግል እየታገሉ እንጀራቸውን ይበሉ ነበር። ስድስተኛዋ የሐሩኮ ታላቅ እኅት ኪሚ ናት። እሷን ያየኋት በፊልም ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም በቅጡ አላየኋትም። ከእኔ በኋላ ግን ያያት የለም፤ ወደ ፊትም የሚያያት አይኖርም። ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ፒያሳ አጠገብ ከነበረ ሲኒማ ቤት ነው። መጀመሪያ ትኬት ቀዳጅ ነበርኩ፤ በዓመቱ ወደ ላይኛው ክፍል፣ ወደ ማሳያው ወጣሁ። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት አልገባሁም። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት አይቼና ዳስሼ፣ በኋላም መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነው።

በዚያን ጊዜ ፊልም ከመታየቱ በፊት የሳንሱር ሰው ይመጣ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል፤ ያልወደደውን ቦታ በወረቀት ላይ ያሰፍራል። እኛ ዘንድ ትእዛዙን የምንፈጽምበት ሁለት መንገድ ነበረ። መሳሳሙ አጭር ከሆነ መዳፋችንን ከመሣሪያው ዐይን ፊት እንደቅናለን፤ መጋረጃው ላይ ትልቅ ጥቁር እጅ ይወጣል። አዳራሹ ያፏጫል። አንድ ቀን ከታች አንድ ጎረምሳ፣ «ወንድሜ፣ መዳፍህን አየነው፤ አሁን ልጅቷን አሳየን!» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። ነውር የተባለው ቦታ ረጅም ከሆነ ደግሞ ቆርጠን እናወጣውና ግድግዳው ላይ ባለ ሚስማር እንሰቅለዋለን። ፊልሙ ወደ ድሬዳዋ ከመላኩ በፊት መልሰን እንለጥፈዋለን። «ተቆርጦ ይመለሳል» ይባል ነበር፤ ማንም አይከሰስም፣ ማንም አይጎዳም። ይህን ሁለተኛውን መንገድ ልብ በሉልኝ። ከአርባ ዓመት በኋላ ያጠፋኝ እሱ ነው።

እኔ ያን መዳፍ እወደው ነበር። ሰው ከክፉ ነገር የተጠበቀው በእጄ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ስደቱን አላስረዝመውም። ወረቀቱ ሁላችንም የምናውቀው ወረቀት ነው፤ መጠበቁም እንዲሁ። ከዙሪክ ዳር፣ ኦፕፊኮን በሚባል ቦታ፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስቀይር ከቆየሁ በኋላ፣ ዙሪክ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ ሲኒማ ቤት የጽዳት ሥራ አገኘሁ። ቤቴ ዜባህ በሚባል የዙሪክ ሰፈር ነበር፤ ማርታም እዚያው ተወለደች።

አንድ ቀን ጠዋት ወንበሮቹ መካከል ስጠርግ ከላይ ፊልም ይሞከር ነበር። ድንገት መሣሪያው ጠ-ጠ-ጠ ማለት ጀመረ። ያንን ድምፅ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ፊልሙ በመሣሪያው ውስጥ ሲያልፍ ከዐይኑ በላይና በታች ልል ሆኖ መጉበጥ አለበት፤ ልሉ ሲጠፋ የብረቱ ጥርስ ፊልሙን ይበላዋል። መጥረጊያዬን ጥዬ ደረጃውን ሮጥኩ።

ፀጉራቸው የተመለጠ ረጅም ሽማግሌ «ራውስ!» ብለው ጮኹብኝ፤ ውጣ ማለታቸው ነው። ቋንቋ አልነበረኝምና በጣቴ አየር ላይ ጉብጥ ያለ መስመር ሣልኩ፤ ቀጥሎ መስመሩን ቀጥ አደረግሁት። ሰውየው መሣሪያውን አጠፉና ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ከኪሳቸው ፖም አውጥተው በቢላ ለሁለት ከፈሉና ግማሹን ሰጡኝ። ሄር ኤግሊን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው። በወሩ የእሳቸው ረዳት ሆንኩ።

ኤግሊ ብዙ አይናገሩም፤ የሚያስተምሩት በልማዳቸው ነው። ፊልም ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በተራ ሳሙና ታጥበው በራሳቸው ፎጣ ያደርቃሉ። ጠረጴዛው ላይ ፊልሙን ሲያጠነጥኑ ጠርዙን በግራ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት መካከል ያሳልፉና ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። የተቀደደ ቀዳዳ፣ ያረጀ ማጣበቂያ፣ ሁሉንም በጣታቸው ያገኙታል። እኔም ጨፍኜ እንድሠራ አስገደዱኝ፤ ሦስት ወር ጣቴ ደማ፤ በአራተኛው ወር ማየት ጀመረ።

ከልማዳቸው ሁሉ የሚበልጠው ግን የቡናማው ፖስታ ነበር። ከፊልም ላይ ተበላሽቶ የሚቆረጥ ነገር፣ አንዲት ምስል እንኳ ብትሆን፣ ፖስታ ውስጥ ይገባል። በፖስታው ላይ አምስት ነገር ይጻፋል፦ የስንተኛው ጥቅል እንደሆነ፣ ከየትኛው ቦታ እንደተቆረጠ፣ ማን እንደቆረጠው፣ ለምን እንደቆረጠው፣ ርዝመቱ ስንት እንደሆነ። ፖስታው ከፊልሙ ጋር በቆርቆሮው ውስጥ ይኖራል።

«ጽሑፍ የሌለው ነገር ጥራጊ ነው» ይሉ ነበር። «የጻፍክበት ግን፣ አንተ ብትሞትም አንድ ሰው ይመልሰዋል።»

ስለ አዲስ አበባው መዳፍ በነገርኳቸው ጊዜ ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ፖማቸውን እስከ እምብርቱ በልተው ፍሬውን ኪሳቸው ከተቱ፤ ማሳያ ክፍል ውስጥ ፍርፋሪ አይተዉም። «ዘነበ፣ እጅህን በኋላ ታነሣለህ» አሉ። «ያን ቀን ለማየት የመጣው ሰው ግን ወደ ቤቱ ሄዷል።» እኔም በልቤ፣ እናንተ ነውር የማታውቁ ሰዎች ናችሁ፣ ምን ይገባችኋል አልኩ። ይህን ማለቴን ዛሬ በሐፍረት እጽፈዋለሁ።

ኤግሊ ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። እኔ በአራት ሲኒማ ቤቶች ሠራሁ። አንዱ አለቃዬ ከፊልሙ ይልቅ የፈንዲሻው ሽያጭ የሚያሳስበው ነበር፤ ሌላው ጥሩ ሰው ነበር፣ ቤቱን ግን አከሰረው። ከዚያ ዲጂታሉ መጣና ማሳያ ክፍሎቹ ባዶ ሆኑ፤ እኛም እንደ አሮጌ ወንበር ተነሣን። ደግነቱ ከከተማው ሰሜን አሮጌ ፊልም የሚቀመጥበትና የሚመረመርበት መጋዘን ሰው ይፈልግ ነበር። እዚያ የምርመራ ጠረጴዛው ኃላፊ ሆንኩ። ደመወዙ ያኖራል እንጂ አያጠግብም። የኤግሊን ሕግ የቤቱ ሕግ አደረግሁት፤ ከጥራጊው ገንዳ በላይ በትልልቅ ፊደል አጽፌ ለጠፍኩ፦ «ጽሑፍ የሌለው ይጣላል።» አሮጌ ማስታወቂያና የበሰበሰ ቁራጭ መጋዘኑን ሞልቶት ነበርና ጠቀመ። ዐርብ ዐርብ ይጠረጋል፤ መኪና መጥቶ ይወስደዋል፤ ይፈጫል።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ማርታ ደወለችልኝ።

«አባዬ፣ ከጃፓን አንድ ፊልም ይመጣል። መጀመሪያ አንተ ጋ ነው የሚሄደው። ትፈትሽልኛለህ?»

«የምን ፊልም ነው?»

«የካች። የሴቶች ካች፤ ትግል። ድሮ በርካሽ የተሠራ ነው፤ ወንዶች እንዲያዩት ብለው።»

«ወንዶች እንዲያዩት የተሠራ ከሆነ አንቺ ለምን ታሳያለሽ?»

«ጌናው፣ ልክ ነህ አባዬ! ለሱ እኮ ነው የማሳየው። ከታገሉት አንዷ አለች፤ አልሞተችም። ትመጣለች። ራሷ ትናገራለች።»

«ሌላ ማንን ጠራሽ?»

«ጽጌን። የጽጌን ጓደኞችም፤ ሰው ቤት የሚሠሩትን። ስለ ሥራ ነው የምናወራው፤ ስለ ሴት ሥራ።»

«ከቤተ ክርስቲያን የሚመጡትን ሴቶች?»

«ዊ፣ አዎ፤ እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ይደርሳሉ።»

«ማርታ፣ እኔ አባትሽ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ለዚያ ነው አንተን የጠየቅሁት። ካንተ በላይ የሚፈትሽ የለም።»

እናቷ የሞተችው ማርታ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ጽጌ ጄኔቭ አጠገብ ካለው ከቨርሷ ቤቷ ወስዳ ታኖራት ነበር፤ ፈረንሳይኛውንም ያገኘችው ከዚያ ነው። እኔ አጥብቄ ያሳደግኋት ልጅ ናት። ፊልሞቹን የምትመርጠው ለአንድ ዓመት ተቀጥራ ነበር፤ ይህ ዝግጅት ከተሳካ ቋሚ ልትሆን ነው። ይህንንም አውቅ ነበር።

ፊልሙ በአምስት ጥቅል መጣ። የሚታወቀው ቅጂ ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ አንድ ሰብሳቢ ከተዘጋ ሲኒማ ቤት ገዝቶ ያስቀመጠው። ከጄኔቭ ሲመለስ እኛው መጋዘን ውስጥ ወደ ዲጂታል ሊገለበጥ ቀጠሮ ነበረው። ርዕሱን እዚህ አልጽፈውም፤ ርዕሱ ራሱ ስድብ ነው።

በጠረጴዛው ላይ ቀስ እያልኩ አሳለፍኩት። ቁጣዬ ከጥቅል አንድ ጀምሮ ነደደ፤ ዛሬም አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። ታጋዮቹ እውነተኛ ታጋዮች ናቸው፤ ይህ በአንገታቸውና በአቋቋማቸው ይታወቃል። ፊልሙ ግን የአውሬ ስም ሰጥቷቸዋል። አሠልጣኝ ተብዬው በትር ይዞ ይዞራቸዋል። ዙሪያውን የተቀመጡት ወንዶች አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። ካሜራው ወለል ላይ ተጋድሟል። ካሜራ የት እንደቆመ ካያችሁ፣ የሠራው ሰው ልብ የት እንደቆመ ታውቃላችሁ። ሴት ልጅ በላቧ ያገኘችውን ጉልበት ገዝቶ፣ ጉልበቱን ሳይሆን ቀሚሷን የሚሸጥ ሰው ሌባ ነው። ሥነ ጥበብ ብለው የሚጠሩለት ደግሞ የሌባው አበሮች ናቸው።

ጥቅል አራት ላይ የልምምድ አዳራሽ በር ይከፈታል። ሁለት ሴቶች ይገባሉ፤ አንዷ ረዘም ያለች፣ አንዷ አጠር ያለች። ገና እንደተያያዙ አንዷ የሌላዋን የላይ ልብስ ትቀድዳለች፤ ሌላዋም ትመልሳለች። ጠረጴዛውን አቆምኩት። ጽጌና ጓደኞቿ ከቅዳሴ ወጥተው፣ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ እንዳለ፣ ልጄ በጋበዘችው ቤት ይህን ሲያዩ ታየኝ።

ቀሪውን አላየሁም። ስሜ የሚታወቀው በማየት ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳላይ ወደ ፊት አጠነጠንኩት። የአዳራሹ ቢጫ ብርሃን አልቆ የመንገድ ሰማያዊ እስኪመጣ ጠበቅሁና በሩ ከተከፈተበት ጀምሮ እስከ መንገዱ ያለውን ቆረጥኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ቆጣሪ መቶ አሥራ ሰባት ሜትር አለ። ሁለቱን ጫፍ ለጠፍኩ። አለጣጠፌ ንጹሕ ነበር፤ በጣት እንኳ አይታወቅም። ተቆርጦ ይመለሳል አልኩ በልቤ፤ እሑድ ይታያል፣ ሰኞ እመልሰዋለሁ።

ከዚያ ልማድ ነውና ቡናማ ፖስታ አነሣሁ። ጥቅል አራት ብዬ ጻፍኩ። ቦታውን ጻፍኩ። «ማን ቆረጠው» ከሚለው ስደርስ እጄ ቆመ። ስሜን ከጻፍኩ ያደረግሁት ነገር ሥራ መሆኑ ቀርቶ ኃጢአት መሆኑ ይታወቃል። ፖስታውን ቀድጄ ጣልኩት። የሳህን ያህል የሆነውን ጥቅል ምንም ሳልጽፍበት ከጠረጴዛው ሥር መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። በምርመራው ቅጽ ላይ ግን ጻፍኩ፦ «ሙሉ ነው። የጎደለ የለም።» ፈረምኩ። ማርታም ቅጹ ሲደርሳት በእኔ ፊርማ ሥር የሲኒማ ቤቱን ፊርማ አኖረች።

የቆረጥኩት ሐሙስ ከሰዓት ነው። ዐርብ ማለዳ አምስቱን ጥቅል በሁለት የብረት ሣጥን ይዤ በባቡር ጄኔቭ ወረድኩ፤ እዚያ አሮጌውን መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ እንዳሳይ የተቀጠርኩት እኔው ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ መሣሪያውን ፈትቼ ዘይት ሳጠጣ ዋልኩ።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ጽጌ አሥር ሴቶች አስከትላ መጣች።

«አበልጄ፣ ዛሬ ጃፓን ትታገላለች አሉ!» አለችኝ። «ደህና ቦታ ያዝልን፤ ጉልበት ያስፈልጋቸው እንደሆነ እኛም አለን።»

«የሚታይ ነገር አይደለም፣ አበልጄ። ብትመለሱ ይሻላችኋል።»

«ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ጉድ ሳይ ኖሬ ዛሬ ዐይኔ ሊፈስ ነው? አሳልፈን ባክህ!» ሴቶቹ ሳቁ።

ወይዘሮ ሐሩኮ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በማርታና በአስተርጓሚዋ መካከል ተቀመጡ። ፀጉራቸው ነጭ ነው። ቁመታቸው አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ግራ ጆሯቸው ለዘመናት ወለል የላጠው የታጋይ ጆሮ ነው። ኋላ ወንበር ላይ ቢራ የያዙ ወጣቶች ነበሩ፤ ካሜራው ሊያስቃቸው በፈለገበት ቦታ ሁሉ ሳቁለት። ያ ሌባ ከስንት ዓመት በኋላም ደንበኛ አላጣም።

ጥቅል አራት ሲጀምር በትንሿ መስኮት ወደ ታች አየሁ። ወይዘሮ ሐሩኮ ከወንበሩ ጫፍ ድረስ ተስበው ወጡ፤ የማርታን እጅ ያዙ። ሊመጣ ያለውን ያውቁት ነበር። መጋረጃው ላይ የልምምድ አዳራሹ ኮሪደር መጣ፣ በሩ መጣ፤ ቀጥሎ አውቶቡስ። አውቶቡስ በመንገድ ላይ ይሄዳል። ወይዘሮ ሐሩኮ መጋረጃውን ተዉና ፊታቸውን አዞሩ፤ ብርሃኑን ተከትለው ወደ መስኮቷ፣ ወደ እኔ አዩ። እኔን ሊያዩ አይችሉም ነበር። ቢሆንም ዝቅ አልኩ።

ፊልሙ አለቀና ውይይት ተጀመረ። ማርታ ማይክሮፎኑን ሰጠቻቸው። አሮጊቷ የተናገሩት አንድ ነገር ነበር፤ አስተርጓሚዋ ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸውና፣ «እኅቴ የት ሄደች? ነው የሚሉት» አለች።

«ይቅርታ?» አለች ማርታ።

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተረኩ። በዚያ አዳራሽ ከኪሚ ጋር ታግለው ነበር። አዘጋጁ ልብስ መቀደድ ብቻ ነበር የፈለገው። ሁለቱ እኅትማማቾች ግን ውል ገቡ፦ መጀመሪያ የፈለከውን እንሰጥሃለን፤ ከዚያ ካሜራህን ሳታቋርጥ የእኛን ትግል ታነሣለህ። ተስማማ፤ ለዚያ ሥፍራ ካሜራው ከወለል ተነሥቶ በሰው ቁመት ቆመ። ግማሽ ደቂቃ ለእሱ፣ ቀሪው ለእነሱ። በልጅነታቸው አባታቸው ያስተማራቸው አያያዝ፣ አወዳደቅ፣ አነሣሥ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ኪሚ በዓመቱ ሞተች። ሌላ ፎቶግራፍ ላይ ስትታገል አትታይም።

«ልብሳችንን የቀደድንላቸው ትግሉን እንዲተዉልን ነው» አሉ። «ለዚህ ብዬ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት። እሷን ለማየት።»

ቢራ የያዙት ወጣቶች ጠርሙሳቸውን ወለሉ ላይ አኖሩ። ጽጌ ተነሣች። ማርታ ወደ ፈረንሳይኛ እየተረጎመችላት ጽጌ በአማርኛ ተናገረች።

«እኔ ሰው ቤት ስሠራ እመቤቲቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያገር ልብስሽን ልበሺ ትለኝ ነበር። ጥልፍ ቀሚሴን ለብሼ ትሪ ይዤ እቆማለሁ፤ ፎቶ ያነሡኛል፤ ጨርቁን ይነካካሉ። ለምን ቆምሽ ትሉኝ ይሆናል። ወጥ ቤቱን እንዲተዉልኝ ነዋ! ወጥ ቤቱ ውስጥ እኔን የሚያዝ አልነበረም። እማማ፣ የእርስዎ ነገር ገብቶኛል።»

አስተርጓሚዋ ስትነግራቸው አሮጊቷ ተነሥተው እጅ ነሷት።

ከኋላ አንዱ፣ «ታዲያ ያ ትግል የታለ? ማን ቆረጠው?» ብሎ ጠየቀ።

ማርታ በልበ ሙሉነት መለሰች። «የደረሰን ቅጂ እንዲህ ነው። ምናልባት ከብዙ ዓመት በፊት ተቆርጦ ይሆናል። እዚህ አልተቆረጠም፤ የፈተሸው አባቴ ነው።» በእጇ ወደ መስኮቷ አመለከተች። ሰዎች ዞረው አጨበጨቡልኝ።

ቆይታ ወደ ላይ ወጣች። «አባዬ፣ እንደዚህ ነው የመጣው፣ አይደል?»

«አዎ» አልኩ።

የሥራ ዘመኔ ትልቁ ውድቀት መቁረጤ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ይህን «አዎ» ከእሱ አላሳንሰውም። ነገ አምጥቼ እለጥፈዋለሁ፣ አሮጊቷ እስከ ረቡዕ አሉ፣ ከመጋዘን ተገኘ እላለሁ ብዬ አሰብኩ። ልጄን በውሸቴ ላይ አቁሜ ሌላ ውሸት አዘጋጅ ነበር።

ሰኞ ማለዳ መጋዘን ደወልኩ። ባልደረባዬ ስልኩን አነሣ።

«ከጠረጴዛዬ ሥር አንድ ጥቅል አለ፤ በባቡር ላክልኝ» አልኩት።

«የቱ? ዐርብ እኮ ጠረግን።»

«መደርደሪያው ላይ ያለው።»

«ምን ተጽፎበታል?»

«ምንም አልተጻፈበትም» አልኩ።

«ዘነበ፣ ያልተጻፈበትን ሁሉ ጣልነው። አንተው አይደለህ ያልከው?»

ጥራጊውን ለወሰደው ድርጅት ደወልኩ። ዐርብ ማታውኑ ተፈጭቷል።

ያን ቀን ጽጌ ለወይዘሮ ሐሩኮ ቨርሷ ቤቷ ምሳ አዘጋጅታ ነበር፤ ማርታና አስተርጓሚዋም ነበሩ። እኔ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ መዳፉን፣ ሚስማሩን፣ የቀደድኩትን ፖስታ፣ ገንዳውን። አስተርጓሚዋ መሐል ላይ መተርጎም አቆመች። እንድትጨርስ ለመንኳት።

ቀድማ የተናገረችው ጽጌ ናት። «አበልጄ፣ አንተ ማን ሆነህ ነው የእኔን ዐይን የምትሸፍነው?»

«እናንተን ላከብር ብዬ...»

«ተወኝ! እሷን ያዋረዳት አንድ ሰው ነበረ። ለልብሱ ብሎ አዋረዳት፤ ትግሉን ግን ተወላት። አንተ ያንን ወሰድክባት።»

ማርታ ሳህኗን እያየች ነበር። «ቅጹ ላይ የእኔም ፊርማ አለ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ወይዘሮ ሐሩኮ ወንበራቸውን ገፍተው መጡ። ደረቴ ድረስ ነው ቁመታቸው። ይመቱኛል ብዬ ቆምኩ፤ ቢመቱኝም ተገቢ ነው። የቀኝ አንጓዬን ያዙ፤ አውራ ጣታቸውን መዳፌ መካከል አኖሩና ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ሄዱ። አልገፉኝም። ጉልበቴ ግን ራሱ ታጠፈና ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። ሕመም አልነበረውም። አንድም የሚባክን እንቅስቃሴ አልነበረበትም፤ ኤግሊ ፊልም ሲያጠነጥኑ እንደነበረው። እዚያው ይዘውኝ ቆዩና ለቀቁኝ፤ አንድ ነገር ተናገሩ።

«መጀመሪያው ይህ ነበር ይላሉ» አለች አስተርጓሚዋ። «ቀሪውን ላሳይህ አልችልም፤ ኪሚን ይፈልጋል ይላሉ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። ጉዳዩን ለሁለቱም ቤቶች፣ ለመጋዘኑና ለሲኒማ ቤቱ፣ በጽሑፍ አሳወቅሁ። ለሰብሳቢው ካሳ ተከፈለው፤ ከእንግዲህ ለማንም ፊልም እንደማያውስ ጻፈ። የማርታ ውል አልታደሰም። ሲኒማ ቤቱ ምክንያት አልሰጠም፤ ምክንያቱን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። አሁን በአንድ ቢሮ የስብሰባ አዳራሽ ታዘጋጃለች። በዓል ሲሆን ትደውላለች፤ ስለ ፊልም አናወራም። ጽጌ ዛሬም አበልጄ ትለኛለች፤ ዐይኗ ግን እንደ ድሮው ከእኔ ጋር አይቀልድም። እኔ ጡረታዬን ሳይሸኙኝ ወጣሁ፤ መሸኘትም አይገባኝም ነበር። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን የኤግሊን ሕግ ግን አላነሡትም። ሕጉ ትክክል ነው፤ የከዳሁት እኔ ነኝ።

ያ ፊልም ነውረኛ ነው፤ ይህን ቃሌን አላጥፍም። ግን ከነውሩ መካከል ሁለት እኅትማማቾች ዋጋ ከፍለው ያስቀሩት ንጹሕ ነገር ነበር፤ ያን ለይቶ ያጠፋው ነውረኛው ሰው አይደለም፤ ነውር ጠላሁ ያለው ሰው ነው። ልጄም ከእሷ የሚወለዱትም ካነበባችሁ፣ ሳታዩ አትፍረዱ። የፈረዳችሁበት ላይ ደግሞ ስማችሁን ጻፉ።

የመጨረሻው የሥራ ቀኔ ላይ ቡናማ ፖስታ አነሣሁ። የሚገባበት ነገር የለም፤ ቢሆንም አምስቱንም መስመር ሞልቼ፣ ባዶውን፣ ፊልሙ ወደ ሰብሳቢው ከመመለሱ በፊት ጥቅል አራት ቆርቆሮ ውስጥ አኖርኩት። ዛሬም እዚያ አለ። ሁላችንንም ያስከፈለን ስንት እንደሆነ በመጨረሻው መስመር ላይ አለ።

ጥቅል፦ አራት።
ቦታ፦ የልምምድ አዳራሹ በር ከተከፈተ በኋላ።
የቆረጠው፦ ዘነበ አያሌው።
ምክንያት፦ ሳያይ ፈረደ።
ርዝመት፦ መቶ አሥራ ሰባት ሜትር፤ አራት ደቂቃ ከአሥራ ስድስት ሰከንድ፤ ስድስት ሺህ አንድ መቶ አርባ አራት ምስል።